በርሜሉ ላይ የሚረጋው

መልእክቱን ያመጣልኝ ከቢቸና እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ነው። የካቲት 1996 ዓ.ም. ነበር። ሞጣ ያለችው ጋራዤ በር ላይ መኪናውን አቆመና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ጋሽ ከሊፋ፣ ይርጋነሽ የምትባል ሴት የወፍጮዋ ሞተር ዘይት ከውሃው ጋር እየቀላቀለ አስቸግሯታል። ቢቸና ያሉት መካኒኮች አንነካም ብለዋታል» አለኝ።

«ለምን አይነኩም?»

«እኔ ምን አውቄ» አለና መሪውን ጨበጠ። ሊሄድ ሲል ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ወፍጮው ይተነፍሳል ይላሉ» ብሎኝ ሄደ።

ሳቅሁ። ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ጋኔን አይጠፋውም ሲባል ሳልሰማ ያለፈ ዓመት የለኝም። አያቶቻችን በውሃ ወፍጮ ጊዜ ይሉት የነበረውን ናፍጣ ሲመጣ ወደ ናፍጣው አዛወሩት። እኔ የማውቀው ዘይት ወደ ውሃ የሚገባባቸውን መንገዶች ነው፤ እነሱም ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። መፍቻዎቼን በጆንያ ጠቅልዬ በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ በጉንደ ወይንና በደብረ ወርቅ አድርጌ ከሰዓት በኋላ ቢቸና ገባሁ።

ወፍጮ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ዛፍ ጥግ ብቻውን የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። ይርጋነሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ፣ ረዘም ያለች፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት፤ ያን ከባድ ሞተር ማኑቬላ እያሽከረከረች የምታስነሣው ራሷ ነበረች። እኔን ግን መጀመሪያ ያስገረመኝ ቅንድቧ ነው። ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ነጭ ይሆናል። የሷ ጥቁር ነበር። ሥራ ከቆመ መሰንበቱን በዚያ አወቅሁ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ከሊፋ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም» አለች።

«ዘይት ውሃ ውስጥ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። መቼ ጀመረሽ?»

«ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ በርሜሉን ያያል፣ ሳያራግፍ ይመለሳል። አጋዤ ባንቺዓለም ሳትቀር ትታኝ ሄደች። ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩልኝ፤ በማግሥቱ ባሰበት።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እንዲህ ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። ከጎኑ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ በርሜል ይቆማል። ቀዝቃዛው ውሃ በታችኛው ቧንቧ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ሞተሩን ዞሮ ሲሞቅ በላይኛው ቧንቧ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይፈስሳል። ውሃውና የሞተሩ ዘይት በአንድ ብረት ውስጥ በግድግዳ ተለያይተው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከተገናኙ አንድ ቦታ ግድግዳው ተቀድዷል ማለት ነው።

«አስነሺው» አልኳት።

አስነሣችው። ድምፁ ደህና ነው። ጭሱም ደህና ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ሲሞቅ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው ላይ ቢጫ ነገር ተንሳፍፏል፤ እንደ ሥጋ መረቅ ዓይን ዓይን ሠርቷል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ይሄ የቆየ ቅቤ ነበር የሚሸተው።

«አጥፊው።»

አጠፋችው። መዘውሩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል ከላይኛው ቧንቧ አፍ ረዥም ትንፋሽ ወጣ፤ ሸክም ያወረደ ሰው የሚያወጣው ዓይነት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ፣ ከፊተኛው ያጠረ። ይርጋነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆማለች።

«ሰሙት?» አለችኝ ሳትዞር።

«እንፋሎት ነው። ቧንቧው በዚህ ነገር ተደፍኖ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዝዤ አየሁ። ዘይቱ ልክ ላይ ነው፤ ጥቁር ነው፤ ውሃ ቢገባበት ወተት ይመስል ነበር፣ አልመሰለም።

«ዘይት የጨመርሽበት መቼ ነው?»

«ከገና በፊት። ከዚያ ወዲህ አልጎደለም።»

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። በርሜሉ ላይ የተንሳፈፈው ቢሰበሰብ ከአንድ ሊትር አያንስም፤ ሞተሩ ግን ጠብታ አላጣም። ዘይት ከአንዱ ጎድሎ ነው ሌላው ጋ የሚሞላ። ለማንኛውም ብዬ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን ማለት ነው፣ ፈታሁት። በሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልተበላም። ብረቱን በናፍጣ አጥቤ በጣቴም በዓይኔም ፈለግሁ፤ ስንጥቅ የለም። ግድግዳው ሙሉ ነው። ውሃው የሚዞርበትን ክፍል ሳይ ግን ውስጡ በሙሉ ነጭ ነገር ለብሷል። በጥፍሬ ፋቅሁት። እንደ ጧፍ ሰም ተፈርፍሮ መዳፌ ላይ ወደቀና በመዳፌ ሙቀት ቀለጠ።

ማምሻውን አንድ አዛውንት በትራቸውን ይዘው መጡ። መሪጌታ አካለ ወልድ ይባላሉ፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የይርጋነሽ ጎረቤት ናቸው። እሷ እንጨት ልታመጣ ስትወጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሥራዬን ያዩ ጀመር።

«ባል የላትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነበራት። ደምለው የሚባል፣ የክርስትና ልጄ፤ ይህን ወፍጮ ያቆመው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ ተጣሉ። ሞተሩን ሸጬ መተከል ወርጄ ሰሊጥ አርሳለሁ አለ፤ እሷ እንቢ አለች። በንጋታው ቢታይ የለም። ፓዊ አየነው ያለም አለ፣ ቻግኒ አየነው ያለም አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።»

ነገሩ በአገራችን የተለመደ አባባል ነው። እሳቸውም እንደተለመደው ነው ያሉት፤ እኔም እንደተለመደው ሰማሁት።

ወደ ማደሪያዬ ከመሄዴ በፊት ሁለት የቆርቆሮ ክዳን ፈልጌ በአንዱ የሞተሩን ዘይት፣ በሌላው ከበርሜሉ የገፈፍኩትን አደረግሁና ደጅ፣ አጥሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። የቢቸና ሌሊት በየካቲትም ቢሆን ይቀዘቅዛል። ጠዋት መጥቼ ሳይ የሞተሩ ዘይት ክዳኑን ሳዘነብለው ይፈስሳል። ሁለተኛው ረግቷል። ክዳኑን ገለበጥኩት፤ አልወደቀም። በርሜሉም ላይ እንደዚሁ ነጭ ቆዳ ተጋግሮበታል፤ በመፍቻ ጫፍ ስነካው ተሰበረ።

«ይርጋነሽ፣ ይሄ የሞተር ዘይት አይደለም። ስብ ነው። ሞራ። የሞተር ዘይት በዚህ ብርድ አይረጋም» አልኳት።

«የምን ሞራ?»

«እሱን አንቺን ልጠይቅ እንጂ። የሚጠላሽ ሰው አለ? ደጋግሞ የሚጥልብሽ?»

አሰበች። «ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። በርሜሉም ከውስጥ ነው። ደግሞ ማን ነው ለኔ ክፋት ብሎ በየቀኑ ሞራ የሚገዛ?»

ልክ ናት። ስለዚህ አንድ በአንድ ልለይ ተነሣሁ። በርሜሉን ደፋነው። እሷ እንዶድ ወቅጣ በፈላ ውሃ በርሜሉን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ እኔም የሞተሩን ውስጥ የደረስኩበትን ያህል በፈላ እንዶድ አሳጠብኩ። ቴስታታውን መልሼ ገጠምኩና ከወንዝ በአህያ ውሃ አስመጥተን ሞላን። ሞተሩ ያለ እህል ቀኑን ሙሉ ሠራ። ከጥጋጥጉ የቀረ ትንሽ ቅባት መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ ገፈፍኩት። ከዚያ በኋላ አልጨመረም። ማታ አጠፋነው፤ ሞተሩ አልተነፈሰም። ጠዋት በርሜሉን ሳይ ውሃው ንጹሕ ነው፤ የጣራው ቆርቆሮ ቀዳዳ ሳይቀር በውሃው ውስጥ ይታያል።

ይርጋነሽ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ዳነ ማለት ነው?»

«ሞተሩ መቼ ታመመና። ድሮ ውሃ ከየት ነበር የምትሞይው?»

«ከቦኖ በላስቲክ ቱቦ ነበር። ገና ሰሞን መንገድ ሲቆፍሩ ቧንቧውን ሰበሩት። ከዚያ ከጓሮው ጉድጓድ መቅዳት ጀመርኩ። ደምለው የቆፈረው ነው። ጎፍናና ስለሆነ ሰው አይጠጣውም፤ ለሞተር ይበቃል ብዬ ነው።»

«አንድ ባልዲ ቅጂልኝ እስቲ።»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወረድን። ጉድጓዱ አፉ ላይ አሮጌ ግንዲላዎች ተረብርበውበታል፤ በላያቸው ቆርቆሮ ተጥሏል። ቆርቆሮውን ገፋ አድርጋ፣ ግንዲላዎቹ መካከል ላይ በተሰበሩበት ክፍተት ባልዲውን ሰደደችው። ገመዱ ረዘመ፣ ረዘመ። ስትጎትተው ትንሽ ተያዘባት፤ ገመዱን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘችውና ለቀቀላት።

«ምን ነካው?» አልኳት።

«ጭቃ ነው መሰለኝ። አንዳንዴ ለስላሳ ነገር ይነካል።»

ውሃውን በብረት ድስት አፍልቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀዝቀዝ ሲል ዓይን ዓይን ሠራ። እንዲህ ነው በሽታውን ያገኘሁት። ባገኘሁት ግን ደስ አላለኝም። አንድ ነገር በውስጤ፣ ከሊፋ፣ እዚህ ላይ አቁምና ወደ ሞጣ ተመለስ ይለኝ ነበር።

ውሻ ይሆናል፣ በግ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይርጋነሽን መስተዋት ጠየቅኋት፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የፊት መስተዋት ሰጠችኝ። ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እሷን ወፍጮ ቤቱን እንድትጠርግ ልኬ ብቻዬን ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ቆርቆሮውን ሙሉ በሙሉ አነሣሁት። በሆዴ ተኝቼ በመስተዋቱ ፀሐይዋን ወደ ውስጥ መለስኳት።

ብርሃኑ ቀዩ አፈር ላይ ወረደ። ስድስት ክንድ ያህል ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ተቧጥሯል። ድመት በር ስትቧጥር የምትተወውን ዓይነት ነው፤ ግን ሰፋ ያለ፣ ብዙ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ከጭረቱ ሥር ጉልበት የሚያስገባ ጎድጓዳ አለ። ከዚያ በታች ግድግዳው እስከ ውሃው ድረስ ልሙጥ ነው። አሁን ያለው ውሃ ከጭረቱ በታች ሌላ ስድስት ክንድ ይርቃል፤ እዚያ መሐል ግድግዳ ላይ ማን ሊቧጥር ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በሐምሌ ጉድጓድ እንደሚሞላ ትዝ አለኝ።

ብርሃኑን ወደ ውሃው አወረድኩት። መጀመሪያ የታየኝ ጋቢ ነው። ቀጥሎ ከጋቢው የወጣውን አየሁ። ነጭ ነበር፤ በርሜሉ ላይ እንደሚረጋው። ከዚህ በላይ ስለሱ አልናገርም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩና መስተዋቱን ደረቴ ላይ ገልብጬ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ተኛሁ።

ተነሥቼ ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለስኩት። ወደ መሪጌታ ልሄድ አስቤ ነበር። መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ሆዱ ሳይዘጋጅ እንዳይሰማ ተደርጎ ነው የሚነገረው። ዞር ስል ግን ይርጋነሽ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆማለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላውቅም።

«ምን አዩ?»

«ውሃው ተበላሽቷል። ዛሬ እንዳትቀጂ። መሪጌታን ላነጋግር።»

አልተንቀሳቀሰችም። «ጋሽ ከሊፋ፣ ቆርቆሮውን ለምን እንደዚያ ቀስ አድርገው አስቀመጡት?»

መስተዋቱን በእጄ ይዣለሁ፤ ፀሐይዋ ከመስተዋቱ ተመልሳ ቀሚሷ ላይ ትጫወታለች፤ ገለበጥኩት። እሷ ቀስ ብላ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ቆርቆሮ የጣልኩት እኔ ነኝ» አለች። «በተጣላን በንጋታው ነው። ግንዲላው ተሰብሮ አገኘሁት። የጎረቤት ላም ሰብራው ነው፣ ጥጃ እንዳይገባበት ብዬ ቆርቆሮ ጎትቼ ደፋሁበት። ድንጋይ ጫንኩበት። ተመልሼ ሞተሩን አስነሣሁ። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ነው ብሎ አገሩ ሁሉ እህል ይዞ ተሰልፎ ነበር። እስከ ማታ አላጠፋሁትም።»

«ይርጋነሽ...»

«የት አባቱ ሄደ እያልኩ ስረግመው ነው የከረምኩት።»

ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው። መሪጌታ በትራቸውን እንኳ ሳይዙ ደረሱ፤ ዓይኔን አይተው ገባቸው። ሰውም ከየአቅጣጫው መጣ። በኋላ መሪጌታ ወደ ጎን ስበው፣ «ከሊፋ፣ መርዶ ያለ ሰዓቱ ተረዳች» አሉኝ። «እኔ አልነገርኳትም፤ ቆርቆሮው ነገራት» አልኳቸው። «የውሃ ሽታ ሆነ ስል ነበር እኮ» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን አባባል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

ፖሊስ መጣ። አንድ የጉድጓድ ቆፋሪ ከየጁቤ በኩል ተጠርቶ በገመድ ወርዶ አወጣው። በቀበቶውና በጋቢው ጥለት ታወቀ። ቆፋሪው ከወጣ በኋላ ውሃ ጠይቆኝ ስሰጠው እጄን ያዘና፣ «ግድግዳውን አይተኸዋል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «አይቼዋለሁ» አልኩት። «ለማንም አልናገርም» አለ። «እኔም» አልኩት። ከሁለታችን በቀር ወደዚያ ግድግዳ ያየ ሰው የለም፤ ጉድጓዱም በሁለተኛው ቀን በአፈር ተደፈነ።

ይርጋነሽን ፖሊስ ወሰዳት። መጣላታቸውን አገሩ ያውቃል፤ የጉድጓዱን አፍ የዘጋችው እሷ መሆኗን ራሷ ተናግራለች። አልፈርድባቸውም፣ ሥራቸው ነው። እኔ ቃሌን ስሰጥ ግንዲላዎቹን ወደ ጣቢያ አስወስጄ አሳየኋቸው። ምስጥ የበላው እንጨት ስብራትና በመጥረቢያ የተመታ እንጨት ስብራት አንድ አይደለም፤ ብረትም ይሁን እንጨት የተሰበረ ነገር ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነው። መካከላቸው ላይ በስብሰው፣ ክብደት ሲያርፍባቸው ወደ ውስጥ ጎንብሰው ነው የተሰበሩት። መሪጌታም ማሉላት። በሦስተኛው ቀን ለቀቋት።

ቀብሩ ግን ከዚያ በፊት ነበር፤ እሷም በሁለት ፖሊስ መካከል ሆና ነው ባሏን የሸኘችው።

በቀብሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ መፍቻዎቼን እሰበስብ ነበር። መሪጌታ ገቡ። በርሜሉን አዩ፤ ሞተሩን አዩ።

«ከሊፋ፣ ደምለውን ነገ አፈር እናለብሰዋለን። እዚህ ውስጥ የቀረውስ?»

እኔም ከጠዋት ጀምሮ የማስበው እሱኑ ነበር። የሞተሩን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ገና አላጸዳሁትም፤ እንዶዱ ያልደረሰበት ጥግ ብዙ ነው። በርሜሉን ስንደፋ መሬት ላይ ያፈሰስነው አፈር ጠጥቶታል፤ እሱን አላህ ይቅር ይበለን እንጂ መመለስ አይቻልም። ያለውን ግን መመለስ ይቻላል።

«ንጹሕ ገንቦ ያምጡልኝ» አልኳቸው።

አዲስ ገንቦ አመጡ። ቴስታታውን እንደገና ፈታሁ። ቧንቧዎቹን ፈታሁ። በሽቦ፣ በማንኪያ፣ በመጨረሻም በጣቴ፣ ውሃው በዞረበት ሁሉ እየገባሁ ነጩን ነገር ፋቅሁ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ የማይለቀውን እሳት አንድጄ ውሃ እያሞቅሁ አስለቀቅሁት። በወጣትነቴ አባቴ ሲሞት ጀናዛውን ካጠቡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ እጄ የዚያን ቀን የነበረውን ዝግታ ራሱ አስታወሰ። መሪጌታ በሩ አጠገብ ቆመው በግዕዝ የሚደግሙትን ይደግማሉ። እኔም የማውቀውን በልቤ እላለሁ። አንዳችን ሌላችንን አላቋረጥንም።

አንዴ ብቻ፣ የላይኛውን ቧንቧ ስፈታው፣ ያ ትንፋሽ ወጣ። እሳት አልነበረበትም፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እንፋሎት ከየት ይመጣል? መሪጌታ ድጋማቸውን አቆሙ። ተያየን። ከዚያ ከቆሙበት ቀጠሉ፤ እኔም ቧንቧውን አጸዳሁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ድምፅ አላሰማም።

ገንቦው እስከ ግማሹ ሞላ። መሪጌታ አፉን በነጭ ነጠላ አሰሩትና እንደ ሕፃን አቅፈውት ወጡ። በማግሥቱ ከሬሳው ጎን አፈር ለበሰ።

ይርጋነሽ ወፍጮውን ዳግመኛ አላስነሣችውም። የጉንደ ወይን ሰው ሞተሩን ሊገዛ ሲመጣ ወደኔ ላከችው፤ የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። «ብረት ብረት ነው» ብሎ ወሰደው። እሷ ደብረ ወርቅ ካለችው እህቷ ጋር እህል ንግድ ልትጀምር ተነሣች።

አርባው መጋቢት መጨረሻ ላይ ዋለ። ላከችብኝና ሄድኩ። የሁዳዴ ጾም ስለነበረ ማዕዱ የጾም ነው፤ እኔንም ለብቻ ማስቀመጥ አላስፈለጋቸውም፣ ከመሪጌታ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ሰው ሲበታተን አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ጥቁር ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ከስታ አንገቷ ረዝሟል።

«ጋሽ ከሊፋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ወደ ውስጥ ያዩት መጀመሪያ እርስዎ ነዎት። ቆርቆሮውን ስጥልበት... በሕይወት ነበር?»

የመጣሁበትን መንገድ አየሁ። አቧራው ላይ ሰዎች እያወሩ ይሄዳሉ።

«አልነበረም» አልኳት። «ሲወድቅ ራሱን ነው የመታው። ወዲያው ነው የሞተው።»

«በምን ያውቃሉ?»

«የተሰበረ ነገር አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ዓይኔ ውስጥ ለረዥም ጊዜ አየች። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች። እኔም ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ እስከ ሞጣ ድረስ ቆሜ መጣሁ።